ጠርዙ የተስተካከለ የሐዘን ጺም

ወንድሜ ሲሞት ጺም አልነበረኝም ማለት ይቻላል። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ አገጬ ላይ እዚህም እዚያም ጥቂት ፀጉር ነበረች። የእሱ ግን ከጆሮው እስከ አንገቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው። “አንተ ሎሚ፣ ዛሬም አላበቀልክም?” እያለ አገጬን ይቆነጥጠኝ ነበር። ከብት የሚጭን አይሱዙ ሾፌር ነበር። ከፊልቱ ወደ ነገሌ ሲመለስ ተገለበጠ።

ነገሌ ውስጥ የወንድ ጺም ብዙ ይናገራል። እኛ የወታደር ካምፕ ልጆች አባቶቻችን በየማለዳው ሲላጩ እያየን ነው ያደግነው። ከቆላ ከብት ይዘው የሚመጡ ሽማግሌዎች በሂና ቀይ ያደርጉታል። ቄሱ አይቆርጡትም። ክርስቲያን ወንድ ደግሞ ሰው ሲሞትበት ምላጭ አያስነካውም፤ ቢያንስ እስከ አርባው። ጺሙ የተንጨባረረ ሰው መንገድ ላይ ካገኘን “ማን ሞተብህ?” እንላለን። ዕድሜውን ሙሉ ሲላጭ የኖረው አባቴ እንኳ መላጨት ተወ።

እኔም ተውኩ። በሁለተኛው ሳምንት ጺሜ መጣ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ አለኝ። እናቴ ጓዳ ስታለቅስ እኔ መስታወት ፊት ቆሜ ጉንጬን እያዟዟርኩ አያለሁ። አንዲት የሰፈራችን ልጅ “ጺም ያምርብሃል” አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ለማን እንደማሳድገው እኔም አላውቅም።

በሃያኛው ቀን ግድም፣ ቅዳሜ፣ ፀጉር ቤት ገባሁ። ፀጉር ቆራጩ ከጉራጌ አገር መጥቶ እኛ ሰፈር ያረጀ ሰው ነው።

“ሐዘን ነው ወይስ ፋሽን?” አለኝ።

“ሐዘን ነው።”

“ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣህ?”

“ጠርዙን ብቻ።”

“ሐዘን ጠርዝ አለው እንዴ?” አለና ሳቀ። ግን አስተካከለልኝ። ጉንጬ ላይ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር አወጣ። ኮሎኝም ቀባኝ።

በማግስቱ እሑድ ነው። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም፤ እናቴ ከሴቶች ጋር ውስጥ ናት። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ እኔና የጎረቤታችን ልጅ ተቀምጠናል። እሱ ለፈተና ሲያጠና መላጨት ረስቶ ጺሙ ተንጨባሯል። አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆሙ። ጺማቸው ቀይ ነው፤ አንድ እጃቸው በጀሶ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ወዲያው ገባኝ። ያን ቀን ጋቢና ውስጥ ከወንድሜ ጋር የነበሩት የፊልቱ ነጋዴ ናቸው፤ ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር ነው የዘገዩት።

“ናጋ?” ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉንና የሁለታችንንም ጺም አዩ። ተነሣሁ። ደህናውን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ወደ ጎን ገፋ አደረጉኝ።

“አሳልፈኝ ልጄ፣ ወንድሙ ጋ ልድረስ።”

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። አፌን ስከፍት ኮሎኙ ለራሴ ሸተተኝ። መንገድ ለቀቅኩላቸው።

የጎረቤቱን ልጅ አቀፉት። አንገቱ ላይ አለቀሱ። ከዚያ እጁን ይዘው ወደ አጥሩ ወሰዱትና ረዥም ሰዓት ነገሩት። እሱ እያሻገረ ያየኛል፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አባቴ ሳይመለስ፣ መኪና እንዳያመልጣቸው ብለው ሄዱ።

“ምን አሉህ?” አልኩት።

“ለምን ዝም አልክ? እኔ አይደለሁም እንዳልላቸው እያለቀሱ ነው!”

“ምን አሉህ?”

“እስኪሞት እጁን ይዤው ነበር አሉ። ውኃ ጠይቆ ነበር። ከዚያ ወደ ኦሮምኛ ገቡ። ‘ሃዳ’ ሲሉ ሰማሁ፤ እናት ማለት እንደሆነ እሷን ብቻ አውቃለሁ። ሌላውን እሺ እሺ እያልኩ አሳለፍኩት።”

የእሱ ቤተሰብ በዝውውር ከመጣ ገና ዓመቱ ነው። እኔ ኦሮምኛ እንደ አማርኛዬ እናገራለሁ።

ሽማግሌው ዛሬም በሕይወት እንዳሉ ሾፌሮች ይነግሩኛል። ሁለት ጊዜ ፊልቱ ልሄድ መናኸሪያ ደርሼ ተመልሻለሁ። እናቴ አንዳንዴ ሥራዋን አቁማ “ልጄ ሲሞት ምን ብሎ ይሆን?” ትላለች። አላውቅም እላታለሁ። እውነቴን ነው። ለምን እንደማላውቅ ግን እስካሁን አልነገርኳትም።