አራሷ ያገነፋችው ገንፎ

ባለፈው ሳምንት የማማክራት ሬዚደንት ቢሮዬ ገብታ፣ «ዶክተር፣ የጥናቴን ዳታ ሰብስቤ ጨረስኩ እኮ!» አለችኝ። የማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሰው ጥናት ሳይሠራ አይመረቅም። እሷ ለጥናቷ የመረጠቻቸውን እናቶች በሙሉ ያነጋገረችው በስልክ ነው፤ ሶፋ ላይ ተጋድማ። በቃ፣ ቀናሁ። እኔ የኔን የሠራሁት በእግሬ ነው። ያውም በክረምት፣ ያውም በካዛንቺስ ጭቃ።

ጥናቴ የወለዱ እናቶች ለምን ለክትትል ተመልሰው እንደማይመጡ ነበር። አማካሪዬ «ቤታቸው ሄደህ ካልጠየቅካቸው ምርቃቱን እርሳው» ብለውኛል። ያኔ ከደሴ የመጣሁ፣ ኡራኤል ጀርባ አንዲት ክፍል የተከራየሁ ወንደላጤ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ አዋልዳለሁ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እልል ይላል፤ እኔ ቤቴ ገብቼ ዳቦ በሻይ አወራርዳለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ዘነበች የምትባል እናት ቤት ደረስኩ። ሰፈሩ ለልማት እየፈረሰ ነበር። የግራና የቀኙ ቤት ጣሪያ ተነስቷል፣ ጎረቤት ሁሉ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። የቀረችው እሷ ናት። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጅቡቲ መስመር ላይ።

«በጥናቱ ለመሳተፍ ፈቃደኛ ነሽ?» አልኳት፣ ጫማዬ ያንን ሁሉ ጭቃ እንደተሸከመ።

«መጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይባላል፣ ዶክተር» አለችኝ እየሳቀች።

አልኳት። «አሜን» ስትል ሳቋ ጠፋ። «እስካሁን ያለኝ ሰው የለም።»

ልጁን አስታቀፈችኝና ገንፎ ይዛ መጣች፤ መሃሉ ቅቤና በርበሬ የሞላ።

«ማን አገነፋልሽ?»

«ራሴ ነኛ! ድንገት ሰው ከመጣ ብዬ።»

አራስ ይገነፋላታል እንጂ የራሷን ገንፎ ስታገነፋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጾም ነው እንዳይሉኝ ብቻ» አለች። ፍልሰታ ነበር።

«የተፈቀደው ለአራስ ነው እንጂ ለሐኪም አይደለም እኮ።»

«ታዲያ ዛሬን አራስ ይሁኑዋ! ገንፎ ብቻን እንዴት ይበላል?»

በላሁ። ማርያም ይቅር ትበለኝ፣ ጠርጌ ነው የበላሁት።

ለቀጠሮዋ ለምን እንዳልመጣች ጠየቅኳት። «አራስ ብቻዋን ትወጣለች እንዴ? አብሮኝ የሚወጣ የታለ?» አለች። እኔ በመጠይቁ ላይ ያዘጋጀሁት የመልስ ምርጫ ርቀት፣ ገንዘብ፣ ጊዜ ማጣት የሚል ነበር። ሰው ማጣት የሚለውን አላሰብኩትም፤ እኔው ራሴ ሰው አጥቼ!

ጥያቄዬ አለቀ። «ሌላ የለዎትም?» አለችኝ። በሩን አየሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ዝናቡና ባዶ ክፍሌ ነው።

«አለ እንጂ!» አልኩና መፍጠር ጀመርኩ። ልጁ ማንን ይመስላል? ባልሽ ምን ወጥ ይወዳል? ከጎረቤቶችሽ ማን ይናፍቅሻል? ሁሉንም እንደ ቁም ነገር ጻፍኩት። እሷም አልጠረጠረችም። ወይ ጠርጥራ ዝም ብላለች፤ እንጃ። እስኪመሻሽ ተጫወትን።

ተመረቅኩ። ዘነበች ቤት የነበረበት ቦታ ዛሬ ሆቴል ቆሟል። ሬዚደንቷን ጎበዝ ብያታለሁ፤ በስልክ ገንፎ እንደማይበላ ግን አልነገርኳትም። የወለደች እናት ሳሰናብት ሁሌ «ቤት ማን አለ?» እላለሁ። ማንም የለም ካለችኝ የሚጠይቃት ሰው ሳላገኝ አልለቃትም። ማታ የራሴን በር ስከፍትም ከልማድ ይሁን ከምን «ቤት ማን አለ?» ይለኛል አፌ። የሚመልስልኝ ፍሪጁ ብቻ ነው፤ እሱም በማጉረምረም።