መብረቅ ነው የሚቀድመው

አያት ኮንዶሚኒየም የደረሰን ጊዜ እናቴ ከማስተማር በጡረታ ወጥታ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሳይንስ ስታስተምር ጮክ ብላ መናገር የለመደች ሴት አራተኛ ፎቅ ላይ የሚያዳምጣት አጣች። ጎረቤቱ ሁሉ አዲስ ነው፤ ገብቶ በሩን ይዘጋል። እሷ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ፊት ለፊታችን የሚሠራውን ሕንፃ ስታይ ትውላለች። በዚህ ዝምታዋ ከቀጠለች የምትታመምብኝ መሰለኝ።

እኔና ጓደኛዬ ያኔ ሳይንስን በቀልድ እያዋዛን ቪዲዮ እንሠራ ነበር፤ ሠራን ከተባለ። ሳሎን ውስጥ አንሶላ እንሰቅላለን፤ እሱ በስልኩ ይቀርፃል፣ እኔ እዘባርቃለሁ። የቤቱ ኢንተርኔት ስለማይረባ ቪዲዮውን ለመጫን ጉርድ ሾላ ኢንተርኔት ቤት እንሄዳለን። ውጭ የሲሚንቶ ማቡኪያው ሲጮህ ቀረፃ ይቆማል፤ ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ እኛ እንሯሯጣለን።

አንድ ክረምት ስለ መብረቅ ልንሠራ ተነሳን። ቢጫ ጀሪካን ቆርጬ የመብረቅ ቅርፅ አወጣሁና ራሴ ላይ አሰርኩት። ካሜራው ፊት ስቆም ተምታታብኝና “መጀመሪያ ነጎድጓዱ ይሰማል፣ ከዚያ መብረቁ ይታያል” አልኩ። እናቴ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

“መብረቅ ነው የሚቀድመው። ብርሃን ደርሶ ሻይ አዝዟል፤ ድምፅ ገና ጫማውን እያሰረ ነው።”

ጓደኛዬ ከሳቁ ብዛት ስልኩን ሊጥለው ነበር። ቆርጠን አላወጣናትም። ያዩት ሰዎች እኔን ረስተው ስለ እሷ ይጠይቁ ጀመር፤ ስሟን ስለማያውቁ ቲቸር አሏት።

ከዚያ ወዲያ በየቪዲዮው ሆን ብዬ እሳሳት ነበር። እሷም ሆን ብዬ መሆኑን ታውቃለች፤ ግን አንድም ቀን አላለፈችኝም። ሁዳዴ ሲገባ ለሙከራ እንቁላል አላስነካ አለችንና “ሳይንስም ይጾማል” ብላ ድንች ሰጠችን። የጎረቤት ልጆች የቤት ሥራቸውን ይዘው በራችንን ማንኳኳት ለመዱ። ደረጃው ላይ ቆማ ስታስረዳቸው ድምጿ ምድር ቤት ድረስ ይሰማል። ያን ድምፅ እንዴት እንደምወደው!

ዓመታት አለፉ። የከተማው ባቡር ሥራ ጀመረ፤ ፊት ለፊታችን ያለውም ሕንፃ አልቆ የበረንዳችንን ፀሐይ ጋረደው። እናቴ መጀመሪያ መነጽሯን፣ ቀጥሎ ቁልፏን፣ በኋላም የጎረቤቶቻችንን ስም ትረሳ ጀመር። እርጅና ነው እያልን አለፍነው። አንድ ክረምት ከጓደኛዬ ጋር የመብረቁን ቪዲዮ እንደገና እንሥራው ተባባልንና ያንኑ ጀሪካን አሰርኩ። እሷን አጠገቤ ወንበር ላይ አስቀመጥናት።

“መጀመሪያ ነጎድጓዱ ይሰማል፣ ከዚያ መብረቁ ይታያል” አልኩና እንደ ልማዴ እንድታርመኝ ጠበቅኋት።

ጥያቄ ለመለሰ ተማሪ እንደምታደርገው ፈገግ ብላ አየችኝ።

“ጎበዝ። ልክ ነህ” አለች።

ጓደኛዬ ስልኩን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገው። ጀሪካኑን ከራሴ ሳላወርድ አጠገቧ ቁጭ አልኩና እጇን ይዤ “አመሰግናለሁ፣ ቲቸር” አልኳት።