የአጎቴ መድፍ፣ የሐጂ ስንዴ

የእናቴ ታናሽ ወንድም በደርግ ጊዜ የመድፈኛ መቶ አለቃ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ እንደ ጓደኞቹ ሁሉ የተሐድሶ ካምፕ ገብቶ ከወጣ በኋላ ጎባ ተመልሶ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገን ጀመረ። ስለ ጦርነቱ አያወራም። የሚያወራው ሰልጣኝ ሳለ በአሸዋ ኮረብታና ወንዝ ሠርተው፣ በትንንሽ እንጨት ጦር እያሰለፉ ስለተማሩበት ክፍል ብቻ ነበር። "ማንም የማይሞትበት ጦርነት እሱ ብቻ ነው" ይለኝ ነበር።

እኔ ሮቤ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ፣ በሌላው ዓለም ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ወታደሮች አሰልፈው፣ ደንብ አውጥተው፣ እንደ ሉዶ ዳይስ እየጣሉ ጦርነት እንደሚጫወቱ አየሁና ፎቶዎቹን ለአጎቴ አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ ጠራረገና መልሶ አደረገው።

"እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም?" አለ።

በሳምንቱ ስሄድ ገበያ ላይ በፌስታል የሚሸጡትን አረንጓዴ የፕላስቲክ ወታደሮች ገዝቶ በጥፍር ቀለም ሲቀባ አገኘሁት። ግማሹን ቀይ፣ ግማሹን ሐምራዊ።

አብሮት የሚጫወት ሰው ግን አልነበረውም። ያ ሰው ሮቤ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሆኑ። ሬዲዮ ሊያሠሩ መጥተው ጠረጴዛውን አዩ። "መቶ አለቃ፣ ይሄኛው በግራ በኩል ቢመጣብህ ምን ታደርጋለህ?" ብለው ጠየቁ። ሲሄዱ ሬዲዮውን ረስተውት ሄዱ።

በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሁለት ክረምት ተጫወቱ። አጎቴ አንድ ነገር ብቻ ያማርር ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ሁሉም ነገር ይታያል። "ጠላትህን ቁጭ ብለህ የምታየው ከሆነ ምኑን ጦርነት ሆነ?" ይላል። ይህን ሲደጋግም ስሰማ በስልክ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩለት። ከሮቤ እስከ ሳነቲ አምባ ያለውን መሬት ከነከፍታው ከሳተላይት መረጃ ወስጄ አስገባሁበት። እያንዳንዱ ተጫዋች ጦሩን የት እንዳቆመ ለስልኩ ይነግረዋል። ስልኩ መሐል ላይ ኮረብታ መኖር አለመኖሩን ያሰላና፣ የሚታየውን ያሳያል፣ የተጋረደውን ይደብቃል። ያንኑ ካርታ በትልቁ አትሜ አንዱን ጎባ አጎቴ ቤት፣ ሌላውን ሮቤ ከሐጂ ሱቅ ጀርባ ጠረጴዛ ላይ ለጠፍኩላቸው። ከዚያ በኋላ አንዱ ጎባ፣ አንዱ ሮቤ ሆነው መዋጋት ቻሉ። ሐጂ በተደሰቱ ቁጥር ሻይ ካልጠጣሽ ብለው አይለቁኝም ነበር።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። በየከተማው ሰልፍ ተነሣ፣ ተኩስ ተሰማ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢንተርኔት ተቋረጠ። በየኬላው ስልክ ይፈተሽ ጀመር። ከተማሪዎቼ መካከል የት እንደገቡ ያልታወቁ ነበሩ። ስማቸውን ስጠራ አቤት የሚል ሲጠፋ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ጨዋታቸውን አላቆሙም። ኢንተርኔት ስለሌለ እርምጃቸውን በአጭር መልእክት ለእኔ ይልካሉ፤ እኔ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባና ማን ምን እንደሚያይ እመልስላቸዋለሁ። አንድ ጠዋት መምህራን ማረፊያ ቆሜ ሳለ የአጎቴ መልእክት ገባ።

"ሁለት መድፍ ከጎባ በላይ ኮረብታው ላይ ደብቄያለሁ። ሲነጋ ሮቤን እመታለሁ።"

አጠገቤ የነበረው መምህር ያነበበው መሰለኝ፤ ስልኩን ደረቴ ላይ ለጥፌ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ጎባ ሄጄ ለመንኩት።

"ጋሼ፣ በእናቴ ሞት ተው። አንተ የድሮ መኮንን ነህ። ይህን ቢያነቡ ማን ጨዋታ ነው ይላል?"

"ጨዋታ መሆኑን እኔ አውቃለሁ" አለ። ከዚያ ፊቴን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሺ፣ ሐጂን አነጋግሪያቸው።"

ሐጂ መፍትሔ ነበራቸው። "ኢንተሎ፣ አትጨነቂ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "እኔ ነጋዴ ነኝ። መድፉን ስንዴ እንበለው፣ እግረኛውን ገብስ። እዚህ አገር ስለ ስንዴና ገብስ ማን ይጠይቃል?"

የመጀመሪያ ቀን ተንፈስ አልኩ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ መልእክቶቹን ደግሜ ሳነብ ግን ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። "ሁለት ኩንታል ስንዴ ከኮረብታው ጀርባ አለ። ገብሱ ሻያ ድልድይ ላይ ይደር።" ገብስ ድልድይ ላይ ምን ሊያደርግ ያድራል? ጠዋት ሄጄ ይህን ስነግራቸው ሐጂ ሳቁ። "አላህ ያውቃል እኛ ምን እንደሆንን" አሉ።

ሳምንት አልሞላም፤ የሐጂ ባለቤት ኮሌጁ በር ድረስ መጡ። ነጠላቸው ተንሸራትቶ መሬት ይጎትታል።

"ሐጂን ከገሰራ ሲመለስ ኬላው ላይ አስቀሩት" አሉኝ። "ስልኩን አነበቡት። ድልድይ የሚጠብቀው የምን ገብስ ነው ብለውታል። እሱ ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ በዕድሜው አንድ ኩንታል እህል ሸጦ አያውቅም። አጎትሽ ምን ውስጥ ነው የከተተው?"

ሚኒባስ ይዤ ወደ ጎባ ሄድኩ። ጎባ ልንገባ ስንል ወታደሮች ሁላችንንም አስወረዱን። ፕሮግራሙ ስልኬ ላይ ነበር፤ ቀይና ሐምራዊ ነጥቦች የተበተኑበት የአገራችን ካርታ። ላጥፋው ብዬ ጣቴን አቀረብኩ። ግን ካጠፋሁት ሐጂ ጨዋታ ይጫወቱ እንደነበር በምን አሳያለሁ? ተራዬ ደረሰ። ወታደሩ በዕድሜ ከተማሪዎቼ አይበልጥም። ፎቶዎቼን በጣቱ እያሳለፈ አየ። የሠርግ ፎቶ ላይ ሲደርስ ቆየ። ከዚያ ጣቱ የፕሮግራሙ ምልክት ላይ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ለማስተማሪያ ነው። መምህር ነኝ።"

ስልኩን መለሰልኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ስደርስ አጎቴ ወሬውን ሰምቶ ካርቶን ውስጥ ወታደሮቹን እየከተተ ነበር። ኮቱን ለብሷል።

"የት ልትሄድ ነው?"

"ጣቢያ። እናሳያቸዋለን።"

"ጋሼ፣ ያስቀሩሃል።"

"ያስቀሩኝ ይሆናል" አለ። "ሐጂ በእኔ መድፍ ታስረው እኔ እዚህ የሰው ቴሌቪዥን ልጠግን?" ካርታውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ፣ ጠቅልሎ በብብቱ ያዘ።

ሮቤ ፖሊስ ጣቢያ ረጅም ጊዜ አስጠብቀው አስገቡን። መርማሪው ዓይኑ የቀላ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። አጎቴ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ወታደሮቹን ደርድሮ፣ እያንዳንዱን መልእክት በየተራ እያነበበ በካርታው ላይ አሳየው። ስንዴው ይኸው፣ ገብሱ ይኸው። መርማሪው አንዱን ሐምራዊ ወታደር አንሥቶ በጥፍሩ ቀለሙን ፋቀው።

"ጨዋታ ከሆነ በሌላ አገር ካርታ ላይ አትጫወቱም ነበር?" አለ።

"ሌላ አገር አላውቅም" አለ አጎቴ።

"ወታደር ነበርክ?"

"ነበርኩ።"

መርማሪው ወደ እኔ ዞሮ ስልኬን ጠየቀኝ። ፕሮግራሙን ከፍቼ ሰጠሁት። ቀስ በቀስ ጀርባውን ከወንበሩ ላይ አነሣ።

"ከዚህ ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው መንገዱን ያያል፣ ከዚህኛው ግን አያይም ማለት ነው?"

"አዎ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"መሬቱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ዛፍና ቤት አያውቅም።"

"ለሌላ ወረዳስ ይሠራል?"

አጎቴን አየሁት። እሱ ወለሉን ይመለከት ነበር። "የከፍታ መረጃ ካለ" አልኩ። መርማሪው ስልኩን አጠፋና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። "ለምርመራ ይቆያል" አለ።

ሐጂን የዚያኑ ቀን ለቀቋቸው። አጎቴን አስቀሩት። ሐጂ ቤታቸው ሄደው ታጥበው፣ ሰላታቸውን ሰግደው ጣቢያው በር ላይ መጥተው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ምሳውን የሚያደርሱለት እሳቸው ነበሩ። እኔ እያስተማርኩ ጆሮዬ ከውጭ መኪና ላይ ነው፤ መኪና በቆመ ቁጥር ለእኔ የመጣ ይመስለኛል። አጎቴ በሳምንት ከምናምን ቀን ተለቆ መጣ። ከስቷል፤ ሳይላጭ የቀረው ጺሙ ነጭ ሆኗል። መቱህ ወይ ብዬ ስጠይቀው "በላሁ፣ ተኛሁ" ብቻ አለኝ።

ኮሌጅ ኮምፒውተር ላይ የቀረውን የፕሮግራሙን ቅጂ አጠፋሁት። ከዚያም የተጣለ ፋይል የሚቀመጥበትን ባዶ አደረግሁ። ያም አላረካኝም። ያን ሰሞን ከመንገዱ በላይ ኮረብታ ላይ ወታደሮች ቆመው ባየሁ ቁጥር፣ ቦታውን በዓይናቸው መረጡት ወይስ በእኔ ስልክ ብዬ እጨነቃለሁ። አንድ ሰው በዚያ በኩል ተመቶ ሞተ ሲባል ስሰማ ከየት እንደተተኮሰበት ለማወቅ እፈልጋለሁ፤ ደግሞም ማወቁን እፈራለሁ። ለአጎቴ ነገርኩት።

"ወታደር ኮረብታ ለመምረጥ ስልክ አያስፈልገውም" አለኝ። "እኛ ምን ስልክ ነበረን?"

ላምነው ፈለግሁ። ግማሹን አመንኩት።

ሁለቱ ሰዎች መንገዱ ሲረጋጋ እንደገና መጫወት ጀመሩ፣ አሁን ከሐጂ ሱቅ ጀርባ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ካርታ ሳይዙ፤ ኮረብታውን በተጣጠፈ ጨርቅ ይሠሩታል። አጎቴ ጦሩን ሲያዛውር ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። "አላየሁም፣ ወላሂ" ይላሉ። እኔ ሻይ ይዤ እገባለሁ፤ ብዙ አልቀመጥም።

ስልኬን ግን አልመለሱልኝም። ሄጄም አልጠየቅኋቸው።