የአስተርጓሚው ጆሮ

ገበየሁ አጉል ሰው ነበር፤ አጉል ያደረገውም እውነተኛነቱ ነው። ዳንግላ ችሎት ፊት ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆሞ የገበሬውን አገውኛ ወደ አማርኛ፣ የዳኛውን አማርኛ ወደ አገውኛ ሲመልስ አንዲት ቃል ጨምሮ፣ አንዲት ቃል አስቀርቶ አያውቅም። ሌላ አስተርጓሚ ቢሆን ገበሬው በንዴት ያመለጠውን ክፉ ቃል ዋጥ አድርጎ ያልፍለታል። ገበየሁ ግን ስድቡንም እርግማኑንም እንደወረደ ያቀርበዋል። "እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር ነው" ይላል። በዚህ ይኮራ ነበር፤ ኩራቱም ጠላት አፈራለት።

ከጠላቶቹ ሁሉ የከፋው የዘንገናው ገበሬ ውዱ ነው። ውዱ በግጦሽ ወሰን ሲሟገት፣ በአገውኛ "የዚህ ዳኛ ሆድ ከሕጉ ይሰፋል" ብሎ አጉረመረመ። ገበየሁም ጉሮሮውን ጠርጎ ለዳኛው ልክ እንደዚያው ነገራቸው። ውዱ በወሰኑ ተረታ፤ ችሎት ደፍረሃል ተብሎም ሁለት ወር ታሰረ። ሲፈታ ዳኛውን አልጠላም፤ ዳኛ ሩቅ ነው። የጠላው የገዛ ቋንቋውን ተናጋሪ ገበየሁን ነው።

በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ የገበየሁ አጎት እዚያው ውዱ አገር፣ ዘንገና ሞቱ። ትልቅ ሰው ነበሩና ጠመንጃ ያለው ሁሉ ይዞ ወጣ። ለእንዲህ ያለ ሰው ለቅሶ ላይ ይፎከራል፣ ይተኮሳል። ውዱም ምንሽሩን አንግቶ መጣ። ማን ይከለክለዋል? ለቅሶ የመጣን ሰው የሚመልስ የለም። ገበየሁ አንገቱን ደፍቶ ሲያለቅስ ከኋላው ተጠጋ፤ አፈሙዙን ከቀኝ ጆሮው አጠገብ ወደ ሰማይ ቀስሮ ለቀቀው። ገበየሁ ደንግጦ ዞር ሲል፣ ሁለተኛው ጥይት በግራ ጆሮው በኩል ጮኸ።

ከዚያ በኋላ የሰው ሁሉ አፍ ሲከፈት ያያል፤ ድምፅ ግን የለም። ጭንቅላቱ ውስጥ የተነካ የንብ ቀፎ የገባ ይመስል እዝዝ ይልበት ጀመር። ከቀኝ ጆሮው ደም ወረደ። ውዱ ደረቱን እየደቃ ያለቅስ ነበር፤ አስመሳይ!

የዳንግላው ክሊኒክ ድሬሰር ጆሮውን በባትሪ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ቀኙ አለቀለት። ግራውም የሚሰማው ሥሩ ሆነው ሲጮኹበት ብቻ ነው።

ሚስቱ ደጊቱ በግራ በኩል ተጠግታ፣ "ለዳኛው ይንገሯቸው! ሰው ሳይስቅብዎት ሥራውን ይተዉት!" ብላ ጮኸች።

"ትቼ ምን ልበላ?" አላት። መሬቱን ለወንድሞቹ ለቆ ከተማ የገባ ሰው ነው። ያለችው ያቺው የተመሰገነች ጆሮው ነበረች።

ስለዚህ ደበቀ። ከተከራካሪው ፊት ለፊት እየቆመ፣ ከንፈር እየተከተለ ሦስት ወር ሠራ። ዳኛው እንደሆኑ በተፈጥሯቸው ይጮኻሉ። ግራ ሲገባው "ድገም" ይላል። እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከራሱ ጨምሯል። ያ እውነተኛ ሰው! እነዚያን ቀኖች ቤቱ ገብቶ እህል አልወረደለትም።

የካቲት ላይ ውዱ ጎረቤቱን ፈንክቶ ችሎት ቀረበ። አማርኛ አልችልም ብሎ አስተርጓሚ ጠየቀ። ከገበየሁ ፊት ቆመና ጉንፋን እንደያዘው ሰው የጋቢውን ጫፍ አፉ ላይ ጣል አደረገ። ከጋቢው በላይ ዓይኖቹ ይስቃሉ። ጋቢው ይነቃነቃል፤ እየተናገረ ነው።

ገበየሁ ወዲያው ገባው፤ ውዱ ምሥጢሩን ደርሶበታል። ያልሰማውን ፈጥሮ ቢናገር ውዱ "ቃሌን አጣመመ" ብሎ ይጮኻል፤ ያኔ ደግሞ እውነቱን ነው። ዝም ቢል እንጀራው ተቆረጠ። ዳኛው "ምን አለ?" አሉ።

"ጌታዬ፣ አልሰማሁም" አለ ገበየሁ። "ጆሮዬ ደንቁሯል። ያደነቆረኝም ይሄ የቆመው ሰው ነው። በአጎቴ ለቅሶ ላይ ጆሮዬ ሥር ተኮሰብኝ።"

ውዱ በንዴት ጋቢውን ከአፉ ገፈፈ። ከንፈሩ ወለል ብሎ ታየ፤ ገበየሁም ቃል በቃል ተከተለው።

"ውሸት ነው ጌታዬ! እኔ አጎቱን ነው ያከበርኩ! ለቅሶ ላይ የማይተኩስ ማነው?"

የተናገረው በጥሩ አማርኛ ነበር።

ገበየሁ በልቡ "ያዝኩህ አንተ ውሸታም!" አለና ፍርድ ሊያይ ወደ ዳኛው ዞረ። ዳኛው ግን ስለ ተኩሱ አንድም ነገር አልጠየቁም። እጃቸውን እያወናጨፉ ለጸሐፊው ተናገሩ። ጸሐፊው ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈና ለገበየሁ አቀበለው፦

"ተከሳሹ አማርኛ ያውቃል። አንተ አታስፈልግም፤ ሂድ።"