የካልደርና የሜርዊን ግጥሚያ የቀረ ጊዜ

ባለቤቴ ሌላንድና ታላቅ ወንድሙ ኦርቪል የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ ከተጣሉ ወዲህ እንደ ወንድማማች ቁጭ ብለው አውርተው አያውቁም። ሌላንድ እዚሁ ካልደር ትራክተር ይጠግናል። ኦርቪል ከወንዙ ማዶ፣ ሜርዊን ከተማ፣ የከብት ሐኪም ነው። ሁለቱም ከተሞች ኮሌጅ አላቸው። በኅዳር የመጨረሻው ቅዳሜ የኮሌጆቹ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች ሲገጥሙ ግን ወንድማማቾቹ ስታዲየሙ በር ላይ ይገናኙ ነበር። ሰላምታቸው ስድብ ነበር።

«አንተ ሽማግሌ፣ እስካሁን አለህ?»

«እናንተን ሳላሳፍር የት እሄዳለሁ! የማክማቸው ላሞች እንኳ ከናንተ ተከላካዮች ይሻላሉ፤ ሲገፏቸው ይቆማሉ።»

ከዚያ ሌላንድ ከንጋት ጀምሮ በጭስ ያበሰለውን የጎድን ሥጋ በልተው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጯጯሁ ይውሉ ነበር። የኦርቪል ሚስት የሞተችበት ዓመት ሌላንድ፣ «ዛሬስ እናንተ አሸንፉ፣ ግድ የለም» አለው። ኦርቪል እየሳቀ እንባውን ጠረገ። «ምጽዋት አልጠየቅሁህም!»

እንግዲህ የኛ ኮሌጅ ከሜርዊን ጋር የነበረበትን የድሮውን ሊግ ትቶ በሩቅ ውቅያኖስ ዳር ያሉ ኮሌጆች ወደሚጫወቱበት ሊግ መግባቱን ሲያስታውቅ፣ ያ ቅዳሜም አብሮ ቀረ። ኮሌጁ ሕዝቡን ሰብስቦ ሲያስረዳ ሌላንድ እጁን አወጣ።

«ከሜርዊን ጋርስ?»

«አቶ ሌላንድ፣ ለጊዜው በመርሐ ግብሩ ውስጥ ቦታ አልተገኘም» አለው የኮሌጁ የስፖርት ኃላፊ በትሕትና። «አዲሱ ሊግ ግን በቴሌቪዥን ስማችንን በመላ አገሪቱ ያስጠራል።»

«አያቴ ሲያይ ቦታ ነበረ፤ አባቴ ሲያይ ቦታ ነበረ። እኔ ላይ ሲደርስ ጠበበ?»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ፤ የተለወጠ ነገር የለም።

ኅዳር ሲደርስ ሌላንድ እንደ ልማዱ ሥጋውን አበሰለ። «ለወንድምህ ደውልለት» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

በመጨረሻ ሥጋውን መኪና ላይ ጭነን ሜርዊን ሄድን። ኦርቪል በሩን ከፍቶ ደነገጠ። «ጨዋታ የለ፣ ምን እግር ጣለህ?»

«ሥጋ ተረፈን።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ሜርዊን ማንም ከማያውቀው ቡድን ጋር ይጫወታል። ሌላንድ፣ «ተከላካያችሁ ዛሬም ተኝቷል» ብሎ ሞከረ።

«ከናንተ ጋር አይገጥም፤ ምን አገባህ?» አለው ኦርቪል። ለቀልድ ነበር፤ ግን ማናችንም አልሳቅንም። ኦርቪል የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሶ፣ «እንግዲህ ከመጣህ አይቀር፣ የአባባን የታችኛውን ማሳ...» ብሎ ጀመረ። ሌላንድ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

መንገድ ላይ መሪውን በቡጢ መታው። «ኖሪን፣ ጨዋታ ቢኖር ኖሮ ያን ወሬ ማን ያነሳው ነበር?»

ዘንድሮ ኦርቪልም አልደወለ፣ እኛም አልሄድን። ሌላንድ ብቻውን ስታዲየም ዋለ። አጠገቡ የተቀመጠው ከውቅያኖሱ ዳር የመጣ የእንግዳው ቡድን ደጋፊ ነበር። ሌላንድ ኦርቪልን ይሰድበው እንደነበረው ሲሰድበው ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ኦቾሎኒ ጋበዘው።

«ጨዋ ሰው ነው» አለኝ ቤት ሲገባ፣ ጫማውን ወደ ግድግዳው እየወረወረ። «እንዲህ ዓይነቱን ሰው ምን ታደርጊዋለሽ?»