የእትዬ መርፌ ፈተና

ታላቅ እህቴን ዩኒቨርሲቲ ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው። የሳይንስ ሕንፃው ዘበኛ ሳለሁ የተቀደዱ መጋረጃዎችን የሚጠግን ሰው ተፈለገ፤ "ልብስ ሰፊ እህት አለችኝ" ብዬ ጥልቅ አልኩ። ሦስት ቀን ሠርታ ትሄዳለች ብዬ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆየች።

የዕፅዋት ክፍሉ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ስፌቷን አይተው አንድ የደረቀ ቅርንጫፍና አንድ ወፍራም ወረቀት ሰጧት። "እንዳይሰበር አድርገሽ ወረቀቱ ላይ ስፊልኝ" አሏት። ሰፋችው። በማግሥቱ አሥር ሰጧት። እዚያ ክፍል ከየጫካው የተለቀመ ተክል ሁሉ ደርቆና ወረቀት ላይ ተሰፍቶ በቁም ሳጥን ይቀመጣል፤ ከሥሩ ስሙና ስሙን ያጣራው ሰው ፊርማ ይለጠፍበታል። እሷ እየሰፋች ስሙን ታነባለች፤ ጨርቅ የለመደ ጣቷ ደግሞ ቅጠሉን ይዳብሳል። ጥቂት ዓመት ቆይታ ተማሪዎች ስም ሲሳሳቱ ታርማቸው ጀመር። "እስቲ ጀርባውን ዳብሰው፤ ጸጉር አለው?" ትላለች። አለው። "እንግዲያ እሱ አይደለማ፤ ዘመዱ ነው።" እትዬ መርፌ የሚል ስም አወጡላት። አስተማሪዎቻቸው ዘንድ ከመሄዳቸው በፊት እሷ ዘንድ ይሰለፉ ነበር።

ከነዚያ አንዱ ዛሬ ዶክተር ነው። ያኔ የሰበሰበውን ተክል እርጥቡን በፌስታል ጠቅልሎ አምጥቶ፣ የሦስት ወር ልፋቱ ሻግቶበት ሲያለቅስ ያገኘችው እሷ ናት። "ተክል ጋዜጣ መሀል ነው የሚደርቀው የኔ ልጅ፤ ጋዜጣው ደግሞ በየቀኑ ይቀየራል" ብላ፣ የተረፈውን ተክል ሳምንት ሙሉ ጋዜጣ እየቀየረች አዳነችለት። የመመረቂያ ጽሑፉ የቆመው በዚያ ትርፍራፊ ነው።

ፕሮፌሰሩ ጡረታ ሲወጡ የክፍሉ ኃላፊ ቦታ ለውድድር ወጣ። ማስታወቂያው ዲግሪ ወይም ረጅም ልምድ ይላል። እህቴ ደመወዙን አላየችም። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ኃላፊ የሆነ ሰው ስም አጣርቶ መፈረም ይችላል። እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነገረቻቸው ስሞች ላይ ሁሉ የሚፈርመው ሌላ ሰው ነበር። "አንዴ እንኳ የኔ ፊርማ ይቀመጥ" አለችኝ።

የፈታኞቹ ሰብሳቢ ያ ዶክተር ሆነ። ተክል የተሰፋባቸውን ወረቀቶች ሳጥን ተሸክሜ ገብቼ ስለነበር ሁሉን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱን አውጥቶ ፊቷ አደረገና "ታውቂዋለሽ?" አላት። ታውቂዋለሽ! እትዬ እትዬ እያለ ጉልበቷ ሥር ያደገው ልጅ።

እህቴ ቅጠሉን ገልበጥ አድርጋ ዳበሰች። "ስሙ ተሳስቷል፤ ይሄ ጸጉር የለውም" አለች። ከዚያ ፊርማውን አየች። የራሱ የዶክተሩ ነው።

እኔ ብሆን ዓይኔ ደክሞ ነው ብዬ አልፈው ነበር። እሷ ግን እንደ ድሮው ለስለስ ብላ፣ "ምንም አይደል የኔ ልጅ፤ ዘመዱ ስለሆነ ያሳስታል" አለችው። ሌሎቹ ፈታኞች ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ቦታውን ዲግሪ ላላት ወጣት ሰጧት። ለእህቴ የደረሳት ደብዳቤ በስፌት ሥራዋ እንድትቀጥልና አዲሷን ኃላፊ እንድታለማምድ ያዛል። በወሩ ያ የፈተናው ወረቀት አዲስ ስም ይለጠፍበት ተብሎ መጣላት። ስሙ እሷ ያለችው ነው፤ ከሥሩ የተፈረመው የዶክተሩ ፊርማ። ደሜ ፈላ። "ቅደጂው" አልኳት።

"ስሙ እኮ ትክክል ነው፤ ምን ብዬ እቀደዋለሁ?" አለችኝና ለጠፈችው።

ባለፈው ሳምንት ቁልፍ ላቀብላት ስገባ አንዲት ተማሪ አጠገቧ ቆማለች። "እትዬ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ልክ ጽፌዋለሁ?" ትላለች። እህቴ ቅጠሉን ገለበጠች። ጣቷ ጀርባው ላይ ሲደርስ ቆመ። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቃት እህቴ ናትና ስሕተቱን እንዳገኘችው ወዲያው ገባኝ።

መርፌዋ ላይ ክር አስገባች።

"እኔ ሰፊ ነኝ የኔ ልጅ" አለቻት። "የጻፍሽውን እሰፋልሻለሁ።"