ጋሽ ኸይሩ የሰልዋን ፎቶ ያዩበት ሰሞን

ጋሽ ኸይሩን ያወቅኳቸው ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር፣ ኡባህ የምትባል ሶማሌ ሴት በከፈተችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው። እኔ ሀሲና እባላለሁ፤ የከሚሴ ልጅ ነኝ። እሳቸው የድሬዳዋ ሰው ነበሩ። ሀርጌሳ የገቡት ጦርነቱ አልቆ ሕዝቡ ከስደተኛ ካምፕ በሚመለስበት ዘመን፣ ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው። ያኔ ጣሪያ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር ይሉኛል። ሰው የፈረሰ ግድግዳውን መልሶ ያቆማል፣ ቆርቆሮ ይመታል፣ ከዚያ ጋሽ ኸይሩን ያስጠራል። ቤተሰቡ ከሕፃን እስከ አዛውንት ከአዲሱ ቤት ፊት ይሰለፋል። ፎቶው ውጭ አገር ላለ ዘመድ ይላካል፤ ቤታችን ቆሟል፣ ኑ ለማለት።

«እኔ ያነሳሁት ሰው ሳይሆን ቆርቆሮ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር።

ሚስታቸው ሰልዋ ትባላለች። ከድሬዳዋ አግብተው አምጥተዋት ጋአን ሊባህ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራዩ። አንዱን ይኖሩበታል፤ ሌላውን መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ደፍነው ፊልም ማጠቢያ አደረጉት። እሳቸው ሲያነሱ ይውላሉ፤ ጥቁርና ነጩን ፊልም የምታጥበው ሰልዋ ነበረች። ጎረቤት «ፊትሽን ፀሐይ አያውቀው» እያለ ይቀልድባታል። ልጅ አልወለዱም። አንድ የኢድ ቀን ጋሽ ኸይሩ «ዛሬስ አንቺ ነሽ የምትነሺው» ብለው አዲስ ልብስ አስለብሰው፣ በር ላይ አቁመው በከለር ፊልም አነሷት። ከለር ደግሞ ቤት ውስጥ ስለማይታጠብ ፊልሙን መሀል ከተማ ላለ ላቦራቶሪ ሰጡ። በዚያው ሰሞን ትኩሳት ጀመራት። የኢድ እንግዳ ገና ሳይበተን ሰልዋ ሞተች።

ፊልሙን የተቀበሉት ከቀብር በኋላ ነው። ኔጋቲቩን በወረቀት ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ከተቱት፤ ወደ ፎቶ ሳያስለውጡት ቀሩ። «እጄ እምቢ አለኝ» ነው ያሉኝ። ቀደም ሲል የተነሳቻቸውን ፎቶዎች እናቷ ለመጽናኛ ወስደዋቸው ነበር፤ እነሱም ድሬዳዋን ጎርፍ የመታት ጊዜ ከቤቱ ጋር ተጠርገው ሄዱ። እንዲህ ሆኖ የሰልዋ መልክ በዚያች ቁራጭ ፊልም ላይ ብቻ ቀረ።

ዓመታት አለፉ። ሰው ሁሉ በስልኩ ማንሳት ጀመረ፤ የከለር ላቦራቶሪዎቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። የጋሽ ኸይሩ ዓይንም ከዳርና ከዳር እየጠበበ መጣ። ሐኪሙ ግላኮማ ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ ጠብታው ያለውን ለማቆየት ነው አላቸው። መንገድ ሲሄዱ ከጎን የሚመጣ ሰው አይታያቸውም፤ ከፍየል ጋር ይጋጫሉ፤ ሚኒባስ ላይ ሲወጡ የሰው እግር ይረግጣሉ። ሰልዋን ማየት አለብኝ ያሉት ይህን ጊዜ ነው።

ስካነሩን የሰጣቸው ፋራህ የሚባል፣ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ያነሱት ሰው ነው። ስዊድን ኖሮ ሲመለስ፣ ከተዘጋ ስቱዲዮ ያገኘውን የፊልም ስካነር ይዞላቸው መጣ። ጋሽ ኸይሩ በነጠላ ጠቅልለው፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ወደ እኛ ሱቅ ይዘውት ገቡ።

«ሀሲና ልጄ፣ ይቺ ማሽን ፊልሙን ኮምፒውተር ላይ ታወጣለች አሉ። እስኪ እያት።»

«ሲዲዋስ የት አለ፣ ጋሽ ኸይሩ?»

«ምን ሲዲ?»

«ሶፍትዌሯ ያለበት። እሱ ከሌለ ኮምፒውተሩ አያውቃትም።»

ፋራህ ሲዲውን አላገኘውም ነበር። እኔም ኢንተርኔት ላይ ይገኛል ብዬ አቀለልኩት። ገመዱን የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው መብራቷ በራ፤ ጋሽ ኸይሩ «ቢስሚላህ» ብለው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። የማይታወቅ ዕቃ ተሰክቷል የሚል ጽሑፍ ብቻ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰሞን ሁሉ ድካም ነው። ስካነሯን የሠራው ፋብሪካ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ሶፍትዌሩን አንድ ቦታ አገኘሁት፤ ግን አውርዶ ሊጨርስ ሲል መስመሩ ይቋረጣል፣ አለዚያም የሰፈሩ መብራት ይጠፋል፤ እንደገና ከዜሮ። በመጨረሻ ሲወርድ ደግሞ አዲሱ ዊንዶውስ አልቀበልም አለ። ጋሽ ኸይሩ በየቀኑ ከዙህር ሶላት በኋላ እየመጡ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። አይጨቀጭቁም። ደንበኛ ሲበዛ ይነሱና ወንበሩን ይለቃሉ። አንድ ቀን ሰዓት ለማየት ቀና ስል «ዛሬ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አልታየኝም። ትናንት ይታየኝ ነበር» አሉኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም።

ለኡባህ በሶማልኛ ነገርኳት። ብስጩ ሴት ናት፤ ሥራ ፈታሽ ብላ ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰማችኝና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ወረወረችልኝ። ሱቁ ሲከፈት የተገዛው ኮምፒውተር እዚያ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፤ ዊንዶውሱም የድሮው ነው። ጠራርጌ አስነሳሁት። ሶፍትዌሩን ጫንኩበት። አሁንም ስካነሯን አላወቃትም።

ያን ቀን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጋሽ ኸይሩ ሰሙኝ።

«ተይው፣ ልጄ። አላህ ያልፈቀደው ነው።»

«ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።»

«እኔ እሰጥሽ ነበር፤ ዓይኔ ነው የማይሰጠኝ» አሉ።

በማግስቱ ኢንተርኔት ላይ ተመሳሳይ ስካነር ያላቸው ሰዎች የሚነጋገሩበት ገጽ አገኘሁ። አንዱ ሰው እንዲህ ብሏል፦ ገመዱን ቀድማችሁ ከሰካችሁ ዊንዶውሱ የተሳሳተ ድራይቨር፣ ማለት ማገናኛ ፕሮግራም፣ ይሰጠዋል፤ ያንን አጥፉ፣ ሶፍትዌሩን ጫኑ፣ ኮምፒውተሩን ዘግታችሁ ክፈቱ፣ ገመዱን መጨረሻ ላይ ሰኩ። እኔ ሁልጊዜ ገመዱን ነበር የማስቀድመው። የተባለውን አደረግሁ። ስካነሯ ከሆዷ ውስጥ ጉርርር አለች።

ጋሽ ኸይሩ ያንን ድምፅ ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሱ። ከኪሳቸው የተጠቀለለውን ወረቀት አወጡ፤ ጠርዙ ስላልታያቸው ፊልሙን መያዣው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ምስሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወጣ። መጀመሪያ የበሩ ጉበን፣ ከዚያ ሻሽ፣ ከዚያ ግንባር። ቀጭን፣ ረዘም ያለች፣ ካሜራ ፊት መቆም ያልለመደች ሴት ናት። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት በሩን ይዛለች።

«ወጣች?»

«ወጣች፣ ጋሽ ኸይሩ። ይኸው።»

ስክሪኑ ላይ ተደፉ። አንገታቸውን ወዲህና ወዲያ አዟዟሩ። «ዓይኗ ይኸው። ቆይ፣ አፏ የት ሄደ? ይኸው አፏ። አሁን ዓይኗ ጠፋ።» እንደ ቁልፍ ቀዳዳ በጠበበው ዓይናቸው የሰልዋን ፊት ቁርጥራጩን እንጂ ሙሉውን ማግኘት አቃታቸው። ምስሉ ስክሪኑን ስለሞላው ነው። እኔ ደግሞ የሚረዳ መስሎኝ አጎላሁት፤ ባሰ።

«አሳንሺው» አሉኝ።

አሳነስኩት።

«አሁንም አሳንሺው።»

የፓስፖርት ፎቶ አከለ። ከዚያ አነሰ። የጥፍሬን ያህል ሲሆን እጃቸውን አነሱ፤ እንዳቆም። ውጭ የሚኒባስ ረዳት ይጮሃል፣ ግንበኞች ፎቅ ላይ ይደበድባሉ፤ ሱቁ ውስጥ ግን የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ሱብሐነላህ» አሉ በመጨረሻ። «ልጅ ነበረች። ይህን ያህል ልጅ መሆኗን ረስቼው ነበር።»

ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «ሻሹ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው? አልለይ አለኝ።»

«ቢጫ ነው።»

«አረንጓዴ ነው እንጂ። እኔ ነኝ የገዛሁላት።»

ድጋሚ አየሁት። «ቢጫ ነው፣ ጋሽ ኸይሩ። ፊልሙ አርጅቶ ቀለሙ ዞሮ ይሆናል።»

«ሊሆን ይችላል። ፊልም ሲያረጅ እንዲያ ይሆናል» አሉ። እየቆዩ ግን ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። «ወይ ደግሞ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ስንት ዓመት ሙሉ በአረንጓዴ ሻሽ ነው የማያት። አሁን ማን ይነግረኛል?» የምንጠይቀው ሰው አልነበረም። እንባቸው ሲወርድ አልጠረጉትም፤ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ላለማንሳት ነው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይመጡ ነበር። ያንኑ ትንሽ ምስል እከፍትላቸዋለሁ፣ አይተው ይሄዳሉ። ሌሎቹንም ፊልሞች አመጡልኝ፤ ጊዜ ሳገኝ ባለ አዲስ ጣሪያዎቹን ሰዎች ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባለሁ። ብዙ አልገፋንም። የስካነሯ አምፖል አንድ ቀን ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ መለዋወጫውን ፋራህም ውጭ አገር ጠይቆ አጣው።

የዝናቡ ወራት ሲያበቃ አንድ ቀን ገቡና እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ። ከፈትኩላቸው። ረጅም ጊዜ ስክሪኑ ፊት ቆዩ።

«ከፍተሽዋል?» አሉኝ።

ተከፍቶ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ የእኔን ዝምታ ሰምተው። እጃቸውን ዘርግተው የስክሪኑን ጠርዝ ዳሰሱና ተነሱ። እስከ ቤታቸው ክንዳቸውን ይዤ ሸኘኋቸው።

ብዙም ሳይቆይ እህታቸው ከድሬዳዋ መጥታ ወሰደቻቸው። ፊልሞቹን እኔ ዘንድ ተዉ። አልፎ አልፎ በስልክ እናወራ ነበር፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ኡባህ ቁጣ፣ ስለ ከተማው ይጠይቁኛል። የትኛው ፎቅ አለቀ፣ የትኛው መንገድ አስፋልት ሆነ እላቸዋለሁ። ስለ ሰልዋ እሳቸው አያነሱም፤ እኔም አላነሳም።

በተከታዩ ዓመት ረመዳን ሊገባ ሲል እህታቸው ደወለች። ጋሽ ኸይሩ እንደተኙ ቀርተዋል። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ማመልከቻ የሚጻፍላት አንዲት ሴት ከፊቴ ቆማ ትጠብቃለች። ስሟን ጽፌ ሁለተኛውን ቃል መቀጠል አቃተኝ።

«አሞሻል እንዴ?» አለችኝ በሶማልኛ።

«ዘመድ ሞተብኝ» አልኳት።

ወንበሩን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።